ከጎን የሳልኳቸው ሴት

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር መሐል ላይ አንዲት ነገር እዘላለሁ። የሚሰማኝ ሰው «ወይ ጉድ፣ ያገራችን ሰው ግን» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም አብሬው እነቀንቃለሁ፤ ነገሩ በዚያው ያልፋል። አሁን ግን ዕድሜዬም ገፋ፣ መዝለሉም ሰለቸኝ። ሳልዘል ልጻፈው። ያቺ ነገር ላይ ስትደርሱ ብትታዘቡኝ አልቀየምም።

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ አሉ፣ ልጆቻቸውም አሉ። መንዝ ውስጥ ናት፣ ከቀየት ብዙም አትርቅም ማለቱ ይበቃል። ያለቻት ዋና መንገድ አንዲት ብቻ ስትሆን ያኔ በግራና በቀኟ አሥራ አንድ ትናንሽ ሱቆች ነበሩ። ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ጫማ ጠጋኙና ጠጅ ቤቱ አሉ፤ የቀሩት ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚቸረችሩ ናቸው።

የዛሬን አያድርገውና ያን ጊዜ ራሴን እንደ ትልቅ ሰዓሊ ነበር የምቆጥረው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ ተመልሼ በከተማዋ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ ልጅ ሳለሁ፣ ለመሪጌታ ላቀው አራት ዓመት ሙሉ ቀለም ፈጭቻለሁ። መሪጌታ በአካባቢያችን ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሚስሉ አዋቂ ናቸው። እሳቸው ዘንድ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ነገር አንድ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች ግን ከጎን ይሳላሉ፤ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ቀለም መፍጨት አያስፈልግም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ግድግዳውን እያየ ስላደገ ወዳጅና ጠላትን በዓይን ቁጥር ይለያል።

እኔ ክፉ ሰው አልነበርኩም፤ ጉረኛ ግን ነበርኩ። አዲስ አበባ የተማርኩትን የሚረዳልኝ ሰው በማጣቴ ቅር ይለኝ ነበር። ከተማዋ ሰዓሊ ስታስፈልጋት ለበዓል መፈክር ታስጽፈኛለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰኝ የለም።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አገሩ ሁሉ «ሚሊኒየም፣ ሚሊኒየም» ይል ጀመር። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት መጣ። ስሙን ተዉት። በነጭ መኪና የመጡት ሰዎች ብዙ ቆርቆሮ ቀለም አምጥተዋል፤ «ማኅበረሰብ አቀፍ የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት» የሚሉትም ነገር ነበራቸው። ሐሳባቸው በመንገዱ ላይ ያሉ ትናንሽ ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው በሱቃቸው በር አጠገብ ግድግዳው ላይ እንዲሳሉ ነበር። የሰዎቹ አለቃ፣ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ሴትዮ፣ «ታሪክ የነገሥታት ብቻ አይደለም፤ የጨው ቸርቻሪም ታሪክ አለው» አሉ። ዛሬም ቢሆን ሐሳቡ ደግ ሐሳብ ነበር እላለሁ። ሰዓሊ ሲፈልጉም ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ ቀጥሎ መሽኮርመም መጣ፤ ኋላ ደግሞ እርስ በርስ መቀናናት ጀመሩ። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ለብሶት የማያውቅ ኮት አልብሰህ ሳለኝ አለኝ። ሥጋ ሻጩ ቢላዋ እንዳልስልበት አስማለኝ፤ ጨካኝ እመስላለሁ ብሎ ነው። ሁሉም ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ያፈጡብኛል። አሥሩንም እንዲሁ እንዳፈጠጡ ሳልኳቸው። የሥራው ነገር እየሰለቸኝ ሲመጣ አሥራ አንደኛዋ ጋ ደረስኩ።

አሥራ አንደኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ አስካለ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ አንገታቸው የተነቀሰ ሴት ነበሩ። ከመርሐቤቴ ነው የመጡት፤ ወታደር ባላቸውን ተከትለው መጡ፣ ባልየው ዘምቶ ሳይመለስ ቀረ፣ እሳቸው ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር እዚሁ ቀሩ። ሱቃቸው ውስጥ ጨው፣ ክብሪት፣ ክርና ከበግ ጸጉር የሚሠራውን የመንዝ ባና ይሸጣሉ። አባታቸው ግን ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ይህ ወሬ ከመርሐቤቴ ድረስ ተከትሏቸው መጥቷል። የአገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ማረሻ የሚሠራልህን ሰው ማረሻውን ስትቀበል ትመርቀዋለህ፤ ዞር ሲል ደግሞ «ቡዳ ነው» ትለዋለህ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናቶች በእሳቸው በር ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር አሉ።

ይህን ስም ያጠፉት በክርክር አይደለም፤ በትዕግሥት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ፊት ላይ አፍጥጠው አላዩም። ሲመዝኑ ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ ነው። ገንዘብ ሲቀበሉ እጃቸውን ነው የሚያዩት። ልጅ ያዘለች ሴት ከገባች ወደ በሩ ዞር ብለው ነው የሚያናግሯት። አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ያምራል» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ እያሉ ወሬው ቀዘቀዘ፤ ሰዉም ለመዳቸው፣ ልጆችም ክብሪት ሊገዙ ብቻቸውን ይላኩ ጀመር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ለልጃቸው ለጽጌ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ላኪው አቶ ደምሴ የሚባሉ የግሼ ሰው ናቸው፤ በራቤል በኩል ሰፊ የገብስ መሬትና ብዙ በግ ያላቸው፣ በአገሩ የተከበሩ ሰው። ልጃቸው ጽጌን ገበያ ላይ አይቶ ወደዳት። ሰባት ቤት ሲቆጠር የእትዬ አስካለ አባት ጋ ሲደርስ አቶ ደምሴ ቆም ብለው ነበር። መሪጌታ ላቀው ናቸው መሐል ገብተው «እኔ ንስሐ አባታቸውን አውቃለሁ፣ ጨዋ ዘር ነው» ብለው ያስጨረሱት። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እትዬ አስካለ ከዚያ ወዲህ ሰውነታቸው እንኳ ቀና አለ። ልጄ የሰው ቤት ስትገባ ካየሁ ሞት አይቆጨኝም ይሉ ነበር።

እንግዲህ እኔ ልስላቸው ስገባ ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ባንኮኒያቸው ጀርባ ተቀመጡ። ወደ እኔ እንዲያዩ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። «ሰው ዓይን ውስጥ ማየት አልለመድኩም ልጄ፤ ደግሞም ደንበኛ ሲመጣ ላየው ይገባል» ብለው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። የጠዋት ብርሃን በበሩ ገብቶ ግንባራቸውን፣ አፍንጫቸውንና ንቅሳታቸውን ሲነካው እጄ ራሱ እርሳሱን አነሳ። ከጎን፣ እንዳሉ ሳልኳቸው። በሦስት ቀን ግድግዳው ላይ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላም ብዙ ስያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ሥርዓቱን ረስቼው ይሆን? አልረሳሁትም። ገና ከንፈራቸውን ስስል ትዝ ብሎኝ ነበር። «ይሄ የዱሮ ነገር ነው፤ ሰው እንዲህ እንዲህ እያለ ይለምዳል» አልኩና ቀጠልኩ።

ሐሙስ ዕለት መሪጌታ በዚያ ሲያልፉ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና ብዙ ጊዜ አዩት። «ሁለተኛው ዓይናቸው የት ሄደ?» አሉኝ። በወዲያኛው በኩል ነው ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጨምርላቸው» አሉኝ። ይሄ ሱቅ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም ብዬ መለስኩላቸው። «የሚያየው ሰው ግን አንድ ነው» ብለው መንገዳቸውን ሄዱ።

እትዬ አስካለም በበኩላቸው ጠየቁኝ። ሥዕሉን ከዳር ቆመው አይተው፣ ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ሰው ባዞርላቸው እንደሚሻል ነገሩኝ። ከአሥራ አንዱ ሁሉ የሚያምረው የእርስዎ ነው አልኳቸው፤ ውሸት አልነበረም። «እንግዲህ አንተ የተማርከው ካልክ» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ። ሥዕሉ እንደ ሌሎቹ አሥር ሁሉ ቅዳሜ እስኪመረቅ በአቡጀዲ ተሸፈነ።

ቅዳሜ መጣ። ገበያ ነው፤ መስከረም ስለሆነ ዝናቡ አቁሟል፤ ከየቀበሌው የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። የከተማው ሹማምንት ተናገሩ፤ አጨበጨብን። ድርጅቱ ካሜራ ይዞ መጥቷል። ሴትዮዋ እጄን ይዘው ወደ መሐል አወጡኝና ባህላዊውንም ዘመናዊውንም ሥዕል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰዓሊ እያሉ አስተዋወቁኝ። ልቤ ተነፋ። መሪጌታም ከሽማግሌዎቹ መሐል ቆመው ነበር፤ አየኋቸውና ደስ አለኝ። አቶ ደምሴ በቅሎአቸውን ጠጅ ቤቱ በር ላይ አስረው መጥተዋል። እትዬ አስካለ ናቸው የጠሯቸው፤ ለልጃቸው የወደፊት አማት ሥዕላቸውን ሊያሳዩ።

አቡጀዲው ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ እየተገለጠ ሄደ። ልብስ ሰፊው ኮት ለብሶ ሲታይ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሥጋ ሻጩን ሲያዩ «ቢላዋህን ምን በላው?» አሉት። ሰዉ ደስ ብሎታል። እየሳቅን እየተገፋፋን የእትዬ አስካለ በር ደረስን፤ የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጨርቁን ሳበው።

ሳቁ ቆመ። የሚያጨበጭብም የለም። ከፊት የቆመች አንዲት ሴት ያዘለችውን ልጅ ዞር አድርጋ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላዋም እንዲሁ አደረገች። እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመው ይህን አዩ። ጽጌ ከኋላቸው ነበረች፤ የእናቷን ክንድ ይዛለች።

አቶ ደምሴ ሰዉን ከፈል አድርገው ወደ ፊት መጡ። ሥዕሉን አዩ፤ ወደ ኋላ ዞረው ያለፍናቸውን አሥር ፊቶች በዓይናቸው ቃኙ፤ እንደገና ይህን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መምህር፣ ሌላውን ሁሉ በሙሉ ፊቱ ስለህ እኒህን ሴት ለብቻቸው እንዲህ ያደረግሃቸው ለምንድን ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት መሪጌታ ላቀው ከሽማግሌዎቹ መሐል ወጡ። ፈገግ ብለዋል። ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ እንደ ቀልድ አድርገው ተናገሩ።

«ልጅ ነው አቶ ደምሴ፤ ይተዉት። ከተማ ከረመና ሥርዓቱ ጠፋበት። አያውቅም።»

ሰዉ ተነፈሰ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። አንዱ ሽማግሌ «ምን ያርግ፣ የዛሬ ልጅ» ብሎ መሳቅ ጀመረ። የአቶ ደምሴ ግንባር ፈታ አለ። እትዬ አስካለ ከበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ። ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ውስጥ አዩኝ። የሚጠበቅብኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ዝም ብሎ ራስን መነቅነቅ። አዋቂ የሆኑ ሽማግሌ፣ ካህን ሆነው፣ በሕዝብ ፊት ስለ አንዲት ሴት ሲሉ ዋሽተውልኛል።

እስከ ዛሬ የምዘላት ነገር ይህቺ ናት። «አያውቅም» የምትለዋ ቃል አቃጠለችኝ። ድርጅቱ ያመጣው ካሜራ ፊቴ ላይ ነው። ሴትዮዋ አሁን ገና «ጠንቅቆ የሚያውቅ» ብለውኛል። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የተማርኩ ሰው በገበሬ ፊት መሃይም ልባል ነው። ደሜ ፈላ።

«አይ መሪጌታ» አልኩ። «እኔማ አውቃለሁ። አራት ዓመት እርስዎ ዘንድ ምን ስማር ነበር?»

አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ አውቀህ ነው እንዲህ የሳልካቸው?»

«አዎ፣ አውቄ ነው» አልኩ።

ከዚያማ ቀጠልኩ፤ ዘመናዊ ሥዕል እንዲህ ነው፣ የብርሃኑ አገባብ እንዲያ ነው፣ ሰው ከጎን ሲታይ ውበቱ ይጎላል እያልኩ ተናገርኩ። የሰማኝ ካሜራው ብቻ ነው። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተዋል። አቶ ደምሴ ንግግሬን እስክጨርስ በትዕግሥት ቆሙና «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሰማን» አሉኝ። ወደ በቅሎአቸው ሄዱ። እትዬ አስካለ ደግሰው ነበር፤ ቤታቸው ሳይገቡ ሄዱ።

በዚያ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ እትዬ አስካለ ሱቅ የገባ ሰው አላየሁም። ነጩ መኪና ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሴትዮዋ ሲሰናበቱኝ የእትዬ አስካለ ሥዕል ከሁሉም እንደሚበልጥ ነገሩኝ። ያኔም ደስ ማለቱ አልቀረም፤ አያችሁ የሰው ነገር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ገባኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው ሰብሰብ ብሎ የሚያወራው ስለ እሳቸው ነው። ሰዓሊው የመሪጌታ ተማሪ ነው፣ አውቄ ነው ብሏል፣ ምን አይቶባቸው ይሆን ይላሉ። ከመሐላቸው አንዱ፣ የማውቀው ሰው፣ ጠጋ ብሎ «ምንድን ነው ያየኸው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ምንም አላየሁም አልኩት። በዓይኑ ጠቀሰኝና ሄደ።

ቀለሜን ይዤ በጠራራ ፀሐይ ሮጥኩ። ጎኑን አጥፍቼ ፊት ለፊት ልስላቸው ጀመርኩ፤ ሁለት ዓይን፣ ትልልቅ፣ እንደ ቅዱሳኑ። ከኋላዬ ሰው ተሰበሰበ። የሚያግዘኝ መስሎኝ ነበር። «ለመነችው መሰለኝ፤ እየሸፈነላት ነው» ሲሉ ሰማሁ። በጥድፊያው ዓይኖቹ ተበላሹና አፈጠጡ፤ ከፊተኛው የባሰ አስፈሪ ሆነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ በቀለምም እንደማይታሽ ያን ቀን አየሁ።

ሰኞ ማለዳ ፈረስ ተዋስኩና ወደ ግሼ ተነሳሁ። ጓሳን ስሻገር ጉሙ ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ አያሳይም ነበር። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እያጠናሁ ሄድኩ። አላውቅም ነበር እላለሁ፤ ጉራዬ ነው ያናገረኝ እላለሁ፤ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። አመሻሽ ላይ ደረስኩ።

አቶ ደምሴ በክብር ተቀበሉኝ። እግሬን አሳጠቡኝ፣ ቆሎና አረቄ አቀረቡልኝ፣ እሳቱ ዳር አስቀመጡኝ። ያጠናሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ወደ እግራቸው ስጠጋ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ቅዳሜ ዕለት አገር በተሰበሰበበት አውቄ ነው አልክ። ዛሬ እኔ ጓዳ ውስጥ አላውቅም ትለኛለህ። የትኛውን ልያዝ?»

«የዛሬውን ይያዙልኝ ጋሼ» አልኳቸው።

እሳቱን ቆሰቆሱ። «ልጄ፣ እኔ እኒያን ሴት ክፉ ናቸው አላልኩም። ስንተጫጭም የሚባለውን ሰምቼ፣ መሪጌታን አምኜ ነው የገባሁበት። መሪጌታ ቅዳሜም ሊሸፍኑላቸው ሞከሩ፤ አንተ ገለጥከው። እንግዲህ አገር የሰማውን እኔ አልሰማሁም ልበል? ለልጅ ልጆቼ ስም የማስብ ሰው ነኝ።»

ሌላም ብዙ ተነጋገርን፤ ከዚህ የሚዘል ግን አልነበረም። ማግሥቱን ልጃቸው የፈረሱን ልጓም ይዞ እስከ ጓሳው ጫፍ ሸኘኝ። ዓይኑ አብጦ ነበር። በቡዳ እንደማያምን ነገረኝ። ታዲያ ለምን አታገባትም አልኩት። «አባቴን ጥሼ የት እደርሳለሁ?» አለኝ። በዚያ ተለያየን።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ከተማ ስገባ አሥሩ ፊቶች በየበራቸው ነበሩ። አሥራ አንደኛው የለም። እትዬ አስካለ በገዛ እጃቸው ጭቃና እበት ለውሰው ለቅልቀውታል፤ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፣ የጣታቸው መስመር ይታያል። ከሱቁ ውስጥ ጽጌ ስታለቅስ ይሰማል። ጋብቻው መፍረሱን የሚናገረው የሽማግሌዎቹ መልእክት እኔን ቀድሞ ደርሷል። እትዬ አስካለ ብቅ ብለው በብርድ የደረቀውን ፊቴን አዩና «ግባ፣ ትኩስ ነገር ቅመስ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ፣ ድንጋይ ቢወረውሩብኝ በማርያም ደስ ይለኝ ነበር። አልገባሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ለጽጌ ሌላ ሽማግሌ አልመጣላትም። በዓመቱ ዓረብ አገር ሄደች፤ ሁለት ደብዳቤ መጣ ሲባል ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ወሬዋ ጠፋ። እናቶች እንደገና ልጆቻቸውን መሸፈን ጀመሩ። ያ ሁሉ የሃያ ዓመት ዓይን መስበር በአንድ ከሰዓት ሄደ። መሪጌታ ላቀው ሰላምታዬን አልነፈጉኝም፤ ስለ ሥዕል ግን ሁለተኛ አላነሱብኝም፤ እኔም ደፍሬ ቤታቸው አልሄድኩም። እኔ ዝውውር ጠይቄ ሌላ አገር ሄድኩ። አሁንም አስተምራለሁ፤ ሰው ግን አልስልም። ዛፍና ተራራ እስላለሁ፤ ተራራ ከየትም በኩል ብትስለው የሚጎዳ ልጅ የለውም።

እናንተ ይህን ስታነቡ ጥፋቱ የሰዉ ነው፣ በዓይን ቁጥር ሰው ላይ የሚፈርድ አገር ምን ይባላል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ እያልኩ ነው የተኛሁት። ኋላ ቀርነት፣ ጨለማ፣ ድንቁርና እያልኩ ስንት ቦታ አውርቻለሁ፤ ሰዎችም አጨብጭበውልኛል። ነገር ግን ያን ቅዳሜ ያ ኋላ ቀር የምለው ሕዝብ ይቅር ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ትከሻው ወርዶ፣ ሳቅ ጀምሮ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ፣ የተማርኩት ነኝ። እውነት ተናገርክ ብላችሁ ልታጽናኑኝም አትሞክሩ። እውነቱን የተናገርኩት ለእውነት ብዬ አልነበረም።

ከተማዋን ለቅቄ ከመሄዴ በፊት እትዬ አስካለ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ መርሐቤቴ የሚመለሱ መሆኑን ሰማሁ። ዕቃ ሲጫን ሄድኩ። የሚያግዛቸው ሰው አልነበረም። ሚዛኑን፣ የጨዉን ጆንያ፣ ያልተሸጠውን ባና እየተቀባበልን ጫንን። ብዙ አልተነጋገርንም። ሾፌሩ ሞተር ካስነሳ በኋላ ጋቢና ውስጥ ሆነው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው እጃቸው ላይ ነበር።

«ልጄ፣ መሪጌታ አያውቅም ሲሉህ ዝም ብትል ምን ይቀርብህ ነበር?»

ቁጣ አልነበረበትም። ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። መልሱን እስካገኝ እንደሚጠብቁ ሁሉ ትንሽ ቆዩ፤ እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም ማለት አቅቶኝ አልነበር? አሁን ቻልኩበት። ሾፌሩ ማርሹን አስገባና መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ።

ምንም አይቀርብኝም ነበር።